አንደኛ ደረጃ ዲስክ

ዲስኩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የደረሰው በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ሾፌሩ ጆንያውን ሲፈታ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር አወጣ።

«እንካ ባንታምላክ» አለኝ። «ሙሽራዋን ሳልሰብራት አምጥቻታለሁ። አራት ኬላ አለፍኩ፣ አንዱም እጁን በርበሬ ውስጥ ሊከት አልደፈረም።»

አመስግኜው በቀጥታ ወደ እናትነሽ ቤት ሄድኩ። እናትነሽ በእህል ገበያው፣ ማሽላና ሰሊጥ ከሚራገፍበት ሜዳ ዳር፣ ለጫኝና ለአውራጅ ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። እኔ እዚያው ገበያ ሰሊጥ አበጥሬ ደረጃ አወጣለሁ። አሥር ዓመት ከሷ ድስት በልቻለሁ። የሥጋ ዘመዳሞች አይደለንም፤ ግን ሁለታችንም ከመተማ በኩል የመጣን ስለሆንን «እታለም» እላታለሁ፣ «ወንድምዓለም» ትለኛለች።

የምትጠብቀው የልጇን የሄለንን ሠርግ ነው። ሠርጉ የተደረገው በጥር፣ ገንደ ውሃ ነበር። እናትየው አልሄደችም። ወዲህ ጦርነቱ፣ ወዲያ ግርግሩ፣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሦስት ቀን ይዘጋል፤ የሄደ ሰው ለመመለሱ ዋስትና የለውም። ግን ሠርጉን አለማየቷ አልነበረም የሚያንገበግባት። ሌላ ነገር ነበር።

ሄለንን ለእህቷ ሰጥታ ስትሻገር ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «አንድ የመኸር ወቅት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ባሱንዳ ሰሊጥ አጨደች፣ ከዚያ ፋው ጥጥ ለቀመች፣ ከዚያ ገዳሪፍ ገብታ ድስት ጣደች፤ አንዱ ወቅት አሥራ አራት ዓመት ሆነ። የልብስና የትምህርት ቤት ሳትልክ የቀረችበት ጊዜ የለም። ልጅ ግን በሚላክለት ብቻ አያድግም። ሠርጉ ሲቃረብ ስልክ ተደዋወሉና፣ በምን እንደተነሣ አላውቅም፣ ሄለን «ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ዳሱ ውስጥ እሷ ትመርቀኛለች» አለቻት።

እናትነሽ ለማንም አልተናገረችም። ሦስት ቀን ግን ወጡ ጨው አልነበረውም። ጫኞቹ አጉረመረሙ፤ እኔ ዝም ብዬ በላሁ። በአራተኛው ቀን ስልኬን እያየች፣

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ነገር ድምፅ ይይዛል አይደል?» አለችኝ።

«ይይዛል።»

«የኔን ያዝልኝ።»

ጸጥታ ያለበት ቦታ ስለሌለ ሰሊጥ መጋዘን ገባን። ጆንያ ድምፅ ይውጣል። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች፣ ነጠላዋን አመሳቅላ ጣለች፣ ከዚያ መረቀች። አንድ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሴኮንድ። ሰምቼ ስለማልጠግበው ዛሬም በቃሌ አለ። ሲያልቅ ድምፁን ለሄለን ላኩላትና ከሥሩ «የእናትሽ ምርቃት ነው፤ በዳሱ ፊት ይሰማ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ምልክቶች ወጡ፤ ደርሷል ማለት ነው። በማግስቱ እዚህ «ሸበካ» የሚሉት ኔትወርክ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ለሳምንታትም አልተመለሰም።

ሲመለስ ከሄለን የመጣው ይሄ ብቻ ነበር፦ «ሁሉም በሰላም አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ስለ ምርቃቱ አንድ ቃል የለም።

«ደውለሽ ጠይቂያት» አልኳት።

«ጠይቄ አዎ ብትለኝ፣ ለኔ ብላ ነው እላለሁ። አላሰማሁም ብትለኝ ደግሞ አልችለውም» አለችኝ። «ፊልሙ ይምጣ። ፊልም አያፍርም።»

እንግዲህ ዲስኩ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ነው በርበሬ ውስጥ የመጣው።

እሑድ ከጸሎት መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ ጠራረግነው። ማጫወቻው እናትነሽ ፋው ሳለች የገዛችው ነው፤ ክዳኑ በላስቲክ ይታሰራል እንጂ ያጫውታል። ዲስኩን ስሞ እንደማስገባት ያህል ቀስ አድርጌ አስገባሁት። ማጫወቻው አጓራ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጓራ። ከዚያ መስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም በሬዲዮና በጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው የለቀምኩት፤ ይሄን ግን አነበብኩት። «ዲስክ የለም» ይላል።

«ምን ይላል?» አለች ሸጊቱ፣ የእናትነሽ ጎረቤት።

«ዲስክ የለም ይላል።»

«እንዴት ያለ ዐይን አውጣ ነው! በዓይናችን እያየን አጉርሰኸው?»

አወጣሁት፤ አስገባሁት፤ ያው ነው። ሌላ ዲስክ፣ የድሮ የመዝሙር ዲስክ፣ አስገባሁ፤ መዘመር ጀመረ። የሠርጉን መለስኩ፤ «የለም»። እንዴት ነው ያለው የሌለ የሚሆነው? ማጫወቻውን ማመን ነው ዓይኔን? ግራ ገባኝ። እኔ ግራ ስጋባ ሸጊቱ ቀለጠፈች። «ተጭሮ ነው» ብላ ዲስኩን ከእጄ ነጥቃ በሰሊጥ ዘይት አሸችው። «የኛ ቤቱ እንዲህ ስናደርገው ነው የዳነው።»

ዘይት ተቀብቶ ሲገባማ ማጫወቻው ማጓራቱንም ተወ።

እናትነሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «የቀረ ነገር ቢኖርበት ነው የማይከፈተው» አለች በቀስታ። ዲስኩን ማለቷ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጇን ማለቷ ነው።

ያን ማታ ለመናገር አፈርኩ እንጂ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከሠርጉ በፊት ሠርጉን የሚቀርጸው የጎንደር ቪዲዮ ቀራጭ በኔ ስልክ ደውሎ ነበርና።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋ ለእናቷ አንድ ኮፒ ይሂድ ብላ አዛለች። በምን ይሁን? ሊንክ አለ፣ ፍላሽ አለ፣ ዲቪዲ አለ፣ ብሉሬይ አለ» አለኝ።

በዚያ ሰሞን በሬዲዮ አንድ ሰው ስለ ፊልም ሲናገር ሰምቼ ነበር። በኔትወርክ የምታየው ፊልም ያንተ አይደለም፣ አንተ እንግዳ ነህ፣ ባለቤቱ ሲፈልግ በሩን ይዘጋብሃል፤ በእጅህ የያዝከው ብቻ ነው ንብረትህ፤ ይላል። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። የሰው አገር የኖረ ሰው እንግድነትን ያውቃል። ስለዚህ እንደ ዐዋቂ ሆኜ «ሊንክ ይቅር። ፍላሽም ይጠፋል። በእጅ የሚያዝ፣ የሚቀመጥ ነገር ይሁን» አልኩት።

«ዲቪዲ ነዋ? ወይስ ብሉሬይ?»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ብሉሬይ ጥራቱ አንደኛ ነው።»

አንደኛ! እኔን የሰበረችኝ ይቺ ቃል ናት። ሰሊጥን መዳፌ ላይ አድርጌ እፍ ብዬ፣ ይሄ አንደኛ፣ ይሄ ሦስተኛ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። በኛ ገበያ አንደኛ ደረጃን የሚመልስ ገዢ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛ የሚገዛ እንኳ አንደኛ ቢያገኝ እጁን ይስማል። ታዲያ አንደኛ ዲስክ የማይቀበል ማጫወቻ ይኖራል ብዬ ከየት ልጠርጥር?

«አንደኛውን አድርግልን» አልኩት።

ሰውየው ደግ ነውና «ለማንኛውም» ብሎ ሊንኩንም ልኮ ነበር። ኔትወርክ ተመልሶ ስከፍተው «ጊዜው አልፏል» አለኝ። ሬዲዮው እውነቱን ነው፤ እንግድነቴ አልቋል። ግን በእጄ የያዝኩትስ? እሱም «የለም» ይለኛል። ታዲያ የትኛው ነው የኛ?

ሰኞ ጠዋት ዲስኩን ይዤ ወልዳይ ዘንድ ሄድኩ። ወልዳይ የሁመራ ሰው ነው፤ ከተፈናቀሉት ጋር ተሻግሮ መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖረው። በሳምንት አራት ቀን ወደ ከተማ ይመጣና ከኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። ሁመራ ሳለ ፊልም የሚያከራይ ቤት ነበረው።

ማኅደሩን ከፍቶ ዲስኩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ዲስክ ነው ሰላጣ?»

«ሸጊቱ ናት።»

«ሎሚ ብቻ ነው የጎደለው።» በሳሙና አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ጠራረገው። ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። «ጭረት የለውም። ደኅና ነው።»

«ደኅና ከሆነ ለምን የለም ይለኛል?»

«ማጫወቻህ የሚያነበው በቀይ ብርሃን ነው። ይሄ በሰማያዊ ብርሃን ነው የሚነበበው።»

አየሁት። ዲስክ በዓይን ባይሆንም በብርሃን እንደሚነበብ ሰምቻለሁ። ግን ቀይና ሰማያዊ ምን ይለያየዋል? ቀይ መብራት ያለበት ቤት የገባ መጽሐፍ አይነበብም እንዴ?

ፊቴን አየና ሳቀ። «ሥራህ ምንድን ነው አንተ?»

«ሰሊጥ ማበጠር።»

«በማሽላ ወንፊት ሰሊጥ ታበጥራለህ?»

«ምን ነካህ! ሁሉም ሾልኮ ይወርዳላ።»

«በቃ። ያንተ ማጫወቻ የማሽላ ወንፊት ነው። የዚህ ዲስክ ፊደል ሰሊጥ ነው፤ ደቃቅ ነው። ይወርድበታል። አንድም ፍሬ አይቀርበትምና "የለም" ይልሃል። አልዋሸም።»

ያኔ ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ግን የባሰ ግራ ገባኝ። «የድሮውን ዲስክ የሚያነብ፣ አዲሱንም የሚያነብ አንድ ወንፊት ለምን አይሠሩም?»

«ይሠራሉ። የአዲሱ ማጫወቻ የድሮውን ያነባል፤ የድሮው ነው አዲሱን የማያነበው። ይሄም ደግ ነው። መጀመሪያ ሲወጣኮ ሰማያዊዎቹ ሁለት ነበሩ።»

«ሁለት?»

«ሁለት ዓይነት ዲስክ። በመልክ አንድ፣ በመጠን አንድ፣ በብርሃን አንድ። አንዱ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። የአንደኛው ደጋፊ እነ እገሌ፣ የሁለተኛው እነ እገሌ፤ ፊልም ሠሪዎቹም ተከፋፈሉ። አጎቴ ያኔ ጅዳ ነበር። ያጠራቀመውን አውጥቶ ማጫወቻ ገዛና ተሸክሞ ሁመራ መጣ። በመጣ በዓመቱ እሱ የገዛው ዓይነት ተሸነፈ። ፊልም የሚያትምለት ጠፋ።»

«ምን አደረገው?»

«የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አስቀመጠበት። እስከወጣን ድረስ ሥዕሏ እሱ ላይ ነበረች። ዋጋውን ሲያስብ ይሳለማታል።»

ሁለታችንም ሳቅን። «ያሸነፈውስ የት አለ?» አልኩት።

«ይሄው፣ በእጅህ። አሸናፊው እሱ ነው። አጫዋች የለውም እንጂ።» ዲስኩን ማኅደሩ ውስጥ መለሰ። «እኔ አራት ሺህ ዲስክ ነበረኝ፣ ባንታ። በፊደል ተራ የደረደርኳቸው። የኔ ናቸው ስል ነበር። ተከዜን ስሻገር አንድም አልያዝኩም። አሁን መጠለያ ውስጥ ልጆች ፊልም ሲያምራቸው አንዱን ከራስጌው እስከ ግርጌው በአፌ እተርክላቸዋለሁ፤ ጥይቱንም እኔው ነኝ፣ ዝናቡንም እኔው ነኝ። ይሄኛውን ኬላ ላይ የሚፈትሽ የለም።»

የሬዲዮው ሰውዬ ይሄን አልነገረኝም።

«ሴትዮዋን ይዘሃት ና» አለኝ ወልዳይ። «ይሄን የሚያነብ ማሽን አንድ ቦታ ሳይኖር አይቀርም። ግን ቦታውን ስታይ ትስቃለህ።»

ቦታው ጌም ቤት ነው። ኸሊል የሚባል፣ ከኦምዱርማን ተፈናቅሎ የመጣ ሰው፣ የቆርቆሮ መጋዘን ተከራይቶ አምስት ቴሌቪዥንና አምስት የጌም ማሽን ደርድሯል። ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥን ኳስ ይጫወቱበታል። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሦስታችን በረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ በሚሉት፣ ሄድን። እናትነሽ ነጩን ቀሚሷን ለብሳለች። በሩ ላይ ስትደርስ የጎረምሶቹን ጩኸት ሰምታ ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ የልጄን ሠርግ እዚህ ነው የማየው? ይሄ የሰካራም ቤት ነው?»

«ኳስ ነው፣ እታለም።»

«ኳስ የት አለ?»

«ቴሌቪዥኑ ውስጥ።»

አማተበችና ገባች።

ኸሊል ጉዳዩን ስነግረው በዐረብኛ «አህለን፣ አህለን! የሙሽራ እናት!» ብሎ ሁለት ጎረምሶች ከወንበር አስነሣላት። ከሁሉ አዲሱን ማሽን መረጠልን፤ ነጭና ቀጭን ነው። ዲስኩን ሲሰጡት እንደ ጅብ ዋጠው። ጽሑፍ መጣ። ኸሊል አነበበና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ምን ይላል?» አለች እናትነሽ። የዚህ ሳምንት ጥያቄያችን ሁሉ ይሄው ሆኗል።

«ዲስክ አለ ይላል» አልኩ።

«ተመስገን!»

«ግን ለመክፈት በመጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙኝ ይላል።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅኩም። ኸሊልም አያውቅም፤ ጌም እንጂ ፊልም አስገብቶበት አያውቅም። ወልዳይ ነው ያስረዳን፤ ማሽኑ ፊልም ማጫወት ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ሠሪዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። ግን ያቺን አንድ ጊዜ ይፈልጋል።

«ማፊ ሸበካ» አለ ኸሊል። ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ጣሪያው ቀዳዳ ሥር ይዞ ቆመ፤ አንድ መስመር መጣችና ሄደች።

እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን በጣቴ ልደረድረው ሞከርኩ። ሠርጉ የሄለን ነው። ዲስኩ የእናትነሽ ነው። ማሽኑ የኸሊል ነው። ፈቃዱ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ፣ ስሙን በማናውቀው ሰው እጅ ነው። የአንዲት እናት ምርቃት ደረሰ አልደረሰ ለማወቅ ይሄን ሁሉ ደጅ መጥናት አለብን? የገበያችን ባለሥልጣን እንኳ ለአንድ ኩንታል ሰሊጥ የሚጠይቀው አንድ ማኅተም ነው።

«ሠሪዎቹ ሠርግ አይወዱም?» አለች እናትነሽ።

ተነሥታ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ልትሄድ ነው። ያኔ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ ጨዋታው የተቋረጠበት፣ «ኸሊል፣ አሮጌውን ሞክሩት፤ እሱ ማንንም አይጠይቅም» አለ።

አሮጌው ማሽን ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ጡብ ከባድ። ኸሊል ማራገቢያ ያስቀምጥበታል። ማራገቢያውን አነሣ፣ አቧራውን እፍ አለ፤ ከአቧራው ጋር አንድ የሞተ በረሮ ወጣ። ሰካው። ጮኸ፤ ወንፊት ላይ ጠጠር እንደሚንገራገር። ዲስኩን ወሰደ። ጠበቅን።

አበባ መጣ። ቀለበት መጣ። ሄለን መጣች።

እናትነሽ «ኡኡ» አላለችም፣ እልልም አላለችም። ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ብቻ። ጥራቱስ አንደኛ ነው፣ ቀራጩ አልዋሸኝም። በሄለን አንገት ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አየናት። «በልጅነቷ ፍም ነክቷት ነው» አለች እናትነሽ፣ «አክስቷ ጠባሳዋ ጠፍታለች ብላኝ ነበር።»

ፊልሙ ረጅም ነው። ሚዜዎች መኪና ሲሳፈሩ፣ መኪናው ሲሄድ፣ ሚዜዎች ሲወርዱ። በመጨረሻ ዳሱ መጣ። ሽማግሌዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። አክስትየው ተነሣች፤ ሙሽሮቹን ራሳቸው ላይ እጇን ጭና መረቀች። መረቀች እላለሁ እንጂ አልሰማናትም። ቀራጩ ለማሳመር ሲል ከዳሱ መግቢያ ጀምሮ ድምፁን ሁሉ አጥፍቶ ዘፈን አልብሶበታል። የሰው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማው ከበሮ ነው።

ይሄን ሁሉ ብርሃን ተሻግረን የመጣነው አንዲት ድምፅ ለመስማት ነው። እኔ ጆሮዬን የማምን ሰው ነኝ፤ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ሰምቼ ነው። ጆሮ እምቢ ሲል ምን እንደማደርግ አላውቅም።

«ድምፁን ቀንሰው» አለው ወልዳይ ለኸሊል። ቀነሰው። ከበሮው ጠፋ፤ ዳሱ ዝም አለ።

አክስትየው ተቀመጠች። ከዚያ ሄለን ተነሣች። ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። ሙሽራ ከወንበሯ ብድግ ብላ ትሄዳለች? ሚዜዋ ልትይዛት ስትሞክር እጇን አራገፈቻት። ከቀሚሷ እጅጌ ስልክ አወጣች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጽዋ እንደሚያዝ አድርጋ፣ ማይክሮፎኑ ላይ አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። መዳፎች ወደ ላይ ተዘረጉ።

እኔ ሳላስበው በሆዴ የምርቃቱን ቃል መቁጠር ጀምሬ ነበር። ምርቃቱን በቃሌ አውቀዋለሁ አላልኩም? «ውለጅ፣ ክበጅ» ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ እዚያ ላይ አፎች ሁሉ ተከፈቱ። «የዘራሽው ይብቀል» ላይ ደግመው ተከፈቱ። ያው ነው። ቦታው ያው ነው።

«እታለም» አልኳት፣ «አሜን እያሉሽ ነው።»

ሰማችኝ ወይስ አልሰማችኝ እንጃ። ፊልሙ አልፎ ኬክ ሲቆረስ «መልስልኝ» አለችው ኸሊልን፣ በአማርኛ። ገባው። መለሰላት። ሄለን ከወንበሯ እንደገና ተነሣች፣ ሚዜዋን እንደገና አራገፈች። ስልኩ ማይክሮፎኑ ላይ ሲደርስ እናትነሽ ብድግ አለች። ነጠላዋን አመሳቀለች። ምሥራቅ የት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አደረገች።

«ውለጅ፣ ክበጅ» አለች።

ዳሱ አፉን ከፈተ።

«የዘራሽው ይብቀል። የያዝሽው እንደ በሰለ ሰሊጥ አይርገፍብሽ።»

ዳሱ አፉን ከፈተ። ይሄኔ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «አሚን።» ኸሊል ነው። መዳፎቹን ዘርግቷል። ቀጥሎ ያ ስለ አሮጌው ማሽን የነገረን ጎረምሳ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፤ መጫወቻውን ጭናቸው ላይ እየጣሉ። ቋንቋዋን አይሰሙም፤ ሲመረቅ ግን የማያውቅ ሰው የለም።

«ቤትሽን እንግዳ ይሙላው፤ አንቺን ግን እንግድነት አይንካሽ።»

«አሚን።»

«ልጅሽን አቅፈሽ አሳድጊ። እኔ ያላደረግኩትን አንቺ አድርጊ።»

ይሄን ስትል ድምጿ ተሰበረ። መጋዘኑ ውስጥም የተሰበረው እዚሁ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሄለን ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ ከጥራቱ የተነሣ ጉንጯ ላይ የወረደው እንባ ታየ። ወልዳይ ጭንቅላቱን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዙሯል።

ከዚያ ኬኩ መጣ። ኸሊል አጠፋው። ጎረምሶቹ ትንሽ አፍረው፣ ትንሽ ተንሾካሹከው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

ዲስኩን ወደ ማኅደሩ ስመልስ ኸሊል «ማሽኑን ውሰዱት፤ ለኔ የማራገቢያ ማስቀመጫ ነው» አለኝ። እናትነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ማራገቢያህን መልስበት። እኔ ስፈልግ እመጣለሁ» አለች። ወደ እኔ ዞረችና «ዲስኩስ ማን ጋ ይቀመጥ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ዐዋቂ ሰው እንደሚጠየቅ።

ምን ልበላት? እሷ ጋ ቢቀመጥ ማጫወቻዋ «የለም» ይላታል። እዚህ ቢቀመጥ የሰው ቤት ነው። ያ የሬዲዮ ሰውዬም ተመልሶ አልመጣም። «አንቺ ያዢው» አልኳት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ረክሻ ውስጥ፣ የገበያው አቧራ ሲጀምር ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ለሄለን ጻፍልኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። «ምን ልበል?»

አሰበች። ነጂው ጉድጓድ አለፈ፣ ሁለታችንም ነጠርን።

«ስልኩን በሁለት እጅሽ ይዘሽው አየሁ፣ በል። ሌላ አትጨምር።»

ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩም። መላኪያውን ተጫንኩት። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። እናትነሽ አንገቷን አስግጋ ታያታለች።

«ሄደ?»

«እየዞረ ነው፣ እታለም።»

«ይዙር» አለች። «እኔም አሥራ አራት ዓመት ዞሬያለሁ።»